«ዱቄት» ብላችሁ አትለፉት

ዛሬ ሦስተኛውን ኬክ ጣልኩት። አራት እንቁላል፣ ቅቤው፣ ስኳሩ፣ የቅዳሜ ጠዋት ድካሜ ሁሉ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገባ። ዳሩ ጠቁሯል፣ መሃሉ ሰምጧል፣ ሲቆረጥ ቢላዋው ላይ ይጣበቃል። ምግብ መጣል እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

ይህ ኬክ ለእኔ አዲስ አይደለም። እናቴ ስትጋግረው እያየሁ ነው ያደግኩት። በኋላም ራሴ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራው ነበር። አንድም ቀን ተበላሽቶብኝ አያውቅም። ከአገር ከወጣሁ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሦስት አገር ቀያይሬያለሁ። በሦስቱም እንደ ጀማሪ ከዜሮ ተነሳሁ።

ደውዬ ለዘመድ ስነግር የማገኘው መልስ ደግሞ አንድ ነው። «ምነው፣ እጅሽ ጠፋ?» ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። እጄ የትም አልጠፋም። ያው እጅ ነው። የተለወጠው ዱቄቱ ነው፣ ኩባያው ነው፣ ምድጃው ነው፣ እንቁላሉ ነው። ስማቸው ብቻ ነው ያልተለወጠው። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። አንድ ስም ይዘው ሌላ ነገር ሆነው ይጠብቁሃል፣ የሚነግርህ የለም።

ከዱቄት ልጀምር። ድሮ ሱቅ ሄጄ «ዱቄት ስጠኝ» እል ነበር፣ በቃ። የመጀመሪያው የስደት አገሬ ጀርመን ነበር። እዚያ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ 405፣ 550፣ 1050። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዱቄቱ ይሻላል ብዬ 1050 ገዛሁ። ዳቦው ድንጋይ ሆኖ ወጣ። ቁጥሩ ለካ የአመድ መጠን ነው። 100 ግራም ዱቄት ሲቃጠል ስንት ሚሊግራም አመድ ይተርፋል ማለት ነው። አመዱ በብዛት የሚመጣው ከፉርሽካው ስለሆነ፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዱቄቱ ወዳልተነፋው ይጠጋል፣ ውሃም አብዝቶ ይጠጣል። ለኬክ 405፣ ለነጭ ዳቦ 550 ነበር የሚያስፈልገኝ። ፈረንሳዮችም በዚሁ መንገድ ሄደው ቲ45፣ ቲ55፣ ቲ65 ይላሉ። ይህን ለማወቅ ስንት ሊጥ ደፋሁ!

ሁለተኛው አገር እንግሊዝ። እዚያ ቁጥር የለም፣ ስም ነው። አንዱ ተራ ዱቄት፣ አንዱ «ጠንካራ» የሚባል የዳቦ ዱቄት፣ ሌላው «ሴልፍ ሬዚንግ»። ይህ የመጨረሻው ቤኪንግ ፓውደር ከፋብሪካ ተቀላቅሎበት የሚመጣ ነው። አላወቅኩም። እንደለመድኩት ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ጨመርኩበት። ኬኩ ተነስቶ ተነስቶ ከቅርጹ ፈሰሰ፣ ከዚያ እጥፍ ብሎ ወደቀ። ጣዕሙም መረረ። እንግዳ ጠርቼ ነበር። ያን ቀን ያፈርኩትን ዛሬም አልረሳውም።

ቁም ነገሩ ፕሮቲኑ ነው። ፕሮቲን የበዛበት ዱቄት ሲታሽ ሊጡን አያይዞ የሚለጥጠው ግሉተን ይጠነክራል፣ አየር ይይዛል፣ ለዳቦ ይሆናል። ፕሮቲኑ አነስ ያለው ለኬክ ይሆናል። የዳቦ ዱቄት 12 በመቶና ከዚያ በላይ፣ የኬክ ዱቄት ከ10 በመቶ በታች ይሆናል። አውሮፓ ውስጥ ከረጢቱ ጀርባ በ100 ግራም ስንት እንዳለው ተጽፏል፣ ማንበብ ነው። አሁን ያለሁበት አሜሪካ ግን የሚጽፈው ለ30 ግራም ነው፣ እሱንም አጠጋግቶ። «3 ግራም» ካለ ከ8 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለም፣ 12 በመቶ ሊሞላ የደረሰም ሊሆን ይችላል። አንዱ ኬክ ነው፣ አንዱ ዳቦ ነው። ታዲያ ሰው በምን ይለይ?

ኩባያ የሚሉት ነገር ደግሞ አለ። የአሜሪካ ኩባያ ወደ 237 ሚሊሊትር ነው። የአውስትራሊያው 250። የጃፓኑ 200። የሾርባ ማንኪያ እንኳ አንድ አይደለም፤ በብዙ አገር 15 ሚሊሊትር ሲሆን አውስትራሊያ 20 ነው። ይህም ይሁን። ያው ኩባያ በያዘው እጅ ይለያያል። ዱቄቱን በማንኪያ እየጨመርክ ብትሞላው 120 ግራም ገደማ ይይዛል። ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ነክረህ ብትዝቅ 150 ይደርሳል። አራት ኩባያ ከሆነ ልዩነቱ 120 ግራም ነው፣ አንድ ሙሉ ኩባያ! ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም። ሌላ ኬክ ነው።

ምድጃውን ተዉት። ከተከራየሁት ቤት ጋር የመጣ ምድጃ ነው፣ ልመርጠው አልችልም። የአንዱ ቤት ምድጃ ቁጥሩ ተፍቆ አልቆ ነበር። የእንግሊዙ ጋዝ ምድጃ ከ1 እስከ 9 ብቻ ነው የሚለው፤ 180 ዲግሪ የሚፈልግ ሰው 4 ላይ ማዞር እንዳለበት ማን ይነግረዋል? የአሜሪካው በፋራናይት ነው። 180 ሴልሺየስ ማለት 350 ገደማ። ማራገቢያ ያለው ከሆነ ደግሞ በሴልሺየስ 20 ዲግሪ መቀነስ አለበት። ባለፈው ሳምንት የምድጃ ቴርሞሜትር ገዝቼ ውስጡ ሰቀልኩት። 350 ላይ አድርጌው 400 ይላል። ዳሩ የሚያርብኝ ለካ በዚህ ነው። ስንት ጊዜ ራሴን ወቅሻለሁ!

እንቁላልም አንድ አይደለም። አውሮፓ «ትልቅ» የሚባለው ከ63 እስከ 73 ግራም ነው፣ አሜሪካ ትልቅ የሚባለው 57 ገደማ። ቅቤ ሲገዛ ማሸጊያውን ማንበብ ነው፤ ቅቤ መስሎ የተደረደረው ሁሉ ቅቤ አይደለም፣ ዳቦ ላይ የሚቀባው ዓይነት ግማሹ ውሃ ሊሆን ይችላል። እርሾም እንዲሁ። «አንድ እሽግ» የሚል አሠራር አይቼ ጀርመን ውስጥ 42 ግራሙን እርጥብ እርሾ ጨመርኩ፣ ለካ 7 ግራሙን ደረቅ ማለታቸው ነው። የእርጥቡ መጠን ከደረቁ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆን ነበረበት፣ እኔ ስድስት እጥፍ አደረግኩት። ቤቱ ሁሉ እርሾ እርሾ ሸተተ።

አየሩም ራሱ አለ። ደጋ ላይ አድጎ በባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል፣ ኬክም በትንሽ ቤኪንግ ፓውደር ይነሳል። ስለዚህ የደጋ አሠራር ቆላ ሲወርድ ቤኪንግ ፓውደሩ ያንሰዋል። በዚያ ላይ ክረምት ሲሆን የወጥ ቤቱ ቅዝቃዜ አለ። በአንድ ሰዓት ኩፍ ይል የነበረ ሊጥ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። አለመነሳቱ ሳይሆን በርዶት ነው። መብራቱን ብቻ አብርቼ ምድጃው ውስጥ ማስቀመጥ ከጀመርኩ ወዲህ ተገላግያለሁ።

እናቴን አልወቅስም። «ስንት ዱቄት ነው?» ስላት «እስኪበቃው ነዋ ልጄ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እሷ ዓይኗ ሚዛን ነው፣ ዕድሜ ልኳን አንድ ዓይነት ዱቄት፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ኩባያ ነው የያዘችው። የምወቅሰው አሠራር ጽፈውና በቪዲዮ ቀርጸው በየአገሩ ለተበተነው ሰው የሚለቁትን ነው። «ሦስት ኩባያ ዱቄት፣ ትንሽ ቅቤ፣ ምድጃው ሞቅ ሲል አስገቡት» ይሉናል። የቱ ኩባያ? የቱ ዱቄት? ሞቅ ማለት ስንት ነው? የወጥ ቤት ሚዛን እኮ ውድ ነገር አይደለም። አንዴ መዝናችሁ ግራሙን ጻፉልን። የምትሠሩበትን ዱቄት ፕሮቲኑን ንገሩን። ዲግሪውን በሴልሺየስ ጻፉ፣ ማራገቢያ ያለው ይሁን የሌለው ንገሩን። በእናንተ በኩል አንድ መስመር ናት። በእኛ በኩል ሦስት ኬክ ነው።

ከሰዓት በኋላ ንዴቴ ሲበርድ ታናሽ እህቴ ጋ ደወልኩ። «እባክሽ ሚዛን ይዘሽ እማዬ ጋ ሂጂ፣ በራሷ ኩባያ እንደ ወትሮዋ ትስፈር፣ አንቺ መዝኚው» አልኳት። ሄደች። እማዬ ኩባያዋን ይዛ ከጀርባ ስትል ይሰማኛል፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼ ዛሬ ልትመዝኑኝ?» ትላለች፣ ግን ሰፈረች። የእሷ ኩባያ ትልቁ የሻይ ኩባያ ነው፣ ዱቄቱንም ጠቅ ጠቅ አድርጋ ነው የምትሞላው። ሦስት ጊዜ መዘነችላት። ሦስቱም 165 ግራም።

ኬኩ የሚፈልገው ሦስት ኩባያ ዱቄት ነው፤ 165 ሲባዛ በ3፣ 495። እኔ ኩባያውን በ120 ግራም ይዤ ስምንት ዓመት ሙሉ 360 ነበር የማደርገው። መሃሉ ለምን እንደሚሰምጥ አሁን ገባኝ። እህቴ ስልኩን ሳትዘጋ «ስኳሩንስ ልመዝነው?» አለችኝ። «ሁሉንም» አልኳት። ወተቱንም፣ ቅቤውንም፣ ቤኪንግ ፓውደሩንም በየተራ እየመዘነች ነገረችኝ፣ እማዬም «እሱን አትርሺ፣ ጨው ቁንጥር ይገባል» እያለች ከአጠገቧ ትጨምራለች። ሁሉንም ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። ቅቤው ወጥቶ እየለሰለሰ ነው።