ጥፋቱ የአንድ ቤተሰብ ብቻ አልነበረም

ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ2021 ስለወጣው «ዶፕሲክ» ተከታታይ ድራማ ያቀረቡትን ግምገማ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ይሁን እንጂ የአሜሪካን የኦፒዮይድ (ሱስ የሚያስይዙ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች) ቀውስ መነሻ ከሞላ ጎደል የመድኃኒት ኩባንያው የፐርዱ ፋርማ ባለቤት የነበረው የሳክለር ቤተሰብ ስግብግብነት ብቻ አድርገው ማቅረባቸው ድራማው ራሱ ካሳየው ያነሰ ይመስለኛል።

የፐርዱ ፋርማ የኦፒዮይድ ክኒን የሆነው ኦክሲኮንቲን እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ ፈቃድ ሲያገኝ፣ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ ያለአግባብ የመወሰድ ዕድሉ እንደሚቀንስ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር በመግለጫ ወረቀቱ ላይ ሰፍሮ ነበር። ይህን የሚያረጋግጥ ክሊኒካዊ ጥናት አልተካሄደም፤ ክኒኑን አድቅቆ የሚወስድ ሰው ደግሞ ለ12 ሰዓት የታሰበውን መጠን በአንድ ጊዜ ያገኘው ነበር። የኩባንያው የሽያጭ ሠራተኞች ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይዘው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞችን ወደሚያክሙ የገጠር ሐኪሞች ሲሄዱ፣ ሐኪሞቹ ያመኑት ሻጩን ብቻ ሳይሆን ወረቀቱን ያጸደቀውን የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ጭምር ነው። የመድኃኒቱን የፈቃድ ማመልከቻ የመረመሩት ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱን ከለቀቁ በኋላ በዚያው በፐርዱ ፋርማ መቀጠራቸውን ግምገማው በዝምታ ማለፉ አስገርሞኛል።

ታሪኩ ከዓመት ዓመት ወደፊትና ወደኋላ መዝለሉ አድካሚ ነው በሚለው እስማማለሁ፤ ማይክል ኪተን የተጫወተው ሐኪም ባይኖር ኖሮ እኔም ባቋረጥኩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን ሦስት የፐርዱ ፋርማ ኃላፊዎች ጥፋታቸውን አምነው አንዳቸውም ሳይታሰሩ መቅረታቸው፣ መድኃኒቱም መሸጡን መቀጠሉ፣ የፍትሕ ሥርዓቱንም ተጠያቂ ያደርጋል።