ማስተካከያ፦ ኢ-አማንያን ፈላስፎች ስለ ግብረገብ ያላቸውን አቋም በተመለከተ

ከግብረገብ ተነሥቶ የፈጣሪን መኖር ስለሚያስረዳው ሙግት ቀደም ሲል ባቀረብሁት ጽሑፍ፣ «ከሰው ስሜትና ባህል ነጻ የሆነ፣ ነባራዊ ግብረገብ እንደሌለ ኢ-አማንያን ፈላስፎች ራሳቸው ይስማማሉ» ብዬ ነበር። ይህ ስሕተት ነው።

በምስክርነት የጠቀስሁት ኢ-አማኒውን ፈላስፋ ጆን ማኪን ብቻ ነበር። ማኪ እ.ኤ.አ. በ1977 ነባራዊ እሴቶች የሉም ብሎ መከራከሩ እውነት ቢሆንም፣ የእርሱን አቋም የሁሉም አድርጌ ማቅረብ አይገባኝም ነበር። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሬክ ፓርፊት፣ ለምሳሌ፣ በሃይማኖት ላይ ሳይመሠረት የግብረገብ እውነቶች ነባራዊ ናቸው ሲል በስፋት ተሟግቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ፊልፔፐርስ (PhilPapers) የተባለው የፍልስፍና ድረ ገጽ በፈላስፎች መካከል ያካሄደው የአስተያየት ጥናትም፣ ከመላሾቹ 62 በመቶ ያህሉ ነባራዊ ግብረገብን፣ 67 በመቶ ያህሉ ደግሞ ኢ-አማኒነትን እንደሚቀበሉ ወይም ወደዚያ እንደሚያዘነብሉ ያሳያል፤ ስለዚህ ሁለቱን አቋሞች አጣምረው የያዙ ጥቂቶች አይደሉም። መላሾቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሚሠሩ ናቸው፤ የድምፅ ብልጫም የማንንም እውነተኛነት አያረጋግጥም። እኔ የተሳሳትሁት ግን ማን ምን ያምናል በሚለው ላይ ነው።

በዚህም ምክንያት «ፈጣሪ ከሌለ ነባራዊ ግብረገብ የለም» የሚለው የሙግቱ መነሻ፣ ተከራካሪው አስቀድሞ ያመነው ነጥብ ተደርጎ ሊቀርብ አይችልም፤ በራሱ ማስረጃ መደገፍ አለበት። ሙግቱ በዚህ አልፈረሰም፤ እኔም አሁንም ጠንካራ ነው ብዬ አምናለሁ። ጽሑፉን ለውይይት የተጠቀማችሁበት ግን ያን ዐረፍተ ነገር እንድትተዉት በአክብሮት እጠይቃለሁ።