ሸማኔዎችን ከማዋሐድ በፊት ክራቸውን አብረው እንዲገዙ ማገዝ ይቅደም

ባለፈው ዓመት ለታናሽ እህቴ ሠርግ 12 የሐበሻ ቀሚስ ስላስፈለገን ሽሮ ሜዳ አካባቢ ለምናውቃቸው አንድ ሸማኔ አዘዝን። ሰውዬው እጃቸው የተመሰገነ ነው፤ ጊዜው ግን አንድ ወር ብቻ ስለነበረ ሥራውን ለሦስት ጎረቤቶቻቸው አካፈሉት። ቀሚሶቹ በቀጠሯቸው ቀን ደረሱ። ጎን ለጎን ሲዘረጉ ግን የአምስቱ ቀይ ጥለት ወደ ቡናማ የሚያደላ ሆኖ ተገኘ፤ የሁለቱ ደግሞ ስፋቱ ከሌሎቹ በአንድ ጣት ያንሳል። እያንዳንዱ ለብቻው ቢታይ እንከን አይወጣለትም ነበር። እህቴ አምስቱን ብቻ ተቀበለች። የሰባቱ ኪሳራ በማን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድመው አልተነጋገሩበትምና አራቱ ሸማኔዎች ተቀያየሙ፤ ለወራትም ሰላምታ አቋርጠው ቆዩ።

እነዚህ ሰዎች አብሮ የመሥራት ፈቃድ አልጎደላቸውም። አብዛኞቹ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ የመጡ ወይም የዚያ ልጆች ናቸው፤ አገራቸውም ሙያቸውም አንድ ነው፤ በእድርም በለቅሶም አይለያዩም። የጎደላቸው ክሩ ከየት እንደሚገዛ፣ የጥለቱ ስፋት ስንት ጣት እንደሚሆን፣ የተመለሰ ዕቃ የማን እንደሆነ የሚወስን ጥቂት መስመር ውል ነው።

መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ ጥቃቅን የሚባለው የኢንዱስትሪ ተቋም ባለቤቱን ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚሠራበት፣ ጠቅላላ ሀብቱም ከ100 ሺህ ብር የማይበልጥ ነበር። አንድ ሸማኔ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ሲሠራ ከዚህ ውስጥ የሚመደብ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ለዓመታት ስንሰጥ የቆየነው ምክር «ተደራጁ» የሚል ሲሆን፣ ትርጉሙም ገንዘባችሁን፣ ዕቃችሁንና ስማችሁን በአንድ ማኅበር ውስጥ ጨምሩ ማለት ነው። ሼድና ብድር ለማግኘት ሲባል ከዚያ በፊት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ስም ሲመዘገቡ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሼዱን በመጋረጃ ተካፍለው ለየብቻቸው ሲሠሩ ያላየ የከተማ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ጥፋቱን የሰዎቹ ስንፍና ወይም ምቀኝነት አድርጎ መቁጠር ተገቢ ያልሆነ ፍርድ ነው። ገና አብረው አንድ ኪሎ ክር ገዝተው የማያውቁ ሰዎችን ሙሉ ኑሯቸውን እንዲያዋሕዱ ስለጠየቅናቸው የመጣ ነው።

ሕዝባችን ግን አብሮ መሥራትን የሚያውቀው በሌላ መንገድ ነው። እቁብ ለምን እንደሚሠራ እናስብ። እቁብ ከአባሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የታወቀ ገንዘብ በታወቀ ቀን መጣል። ዕጣ አለው፣ ዋስ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያልቅበት ቀን አለው። ዙሩ ሲያልቅ ያልወደደ ሰው ሳይጣላ ይወጣል፣ የወደደ ይቀጥላል። ገበሬውም ወንፈልን ከደቦ የሚለየው በዚሁ ነው፤ ደቦ የጠራ ሰው ድግሱን ደግሶ ይሸኛል እንጂ ቀን አይቆጠርበትም፣ ወንፈል የገባ ግን ስንት ቀን እንደታረሰለት ቆጥሮ ያንኑ ያህል ቀን ይመልሳል። ንግድ የሚመስለው ወንፈልን ነው፤ ቆጠራው ወዳጅነትን አይጎዳም፣ እንዲያውም ይጠብቀዋል። የእኔ ሸማኔዎች የተጣሉት የደቦ ሥራ ለወንፈል በሚገባ ጉዳይ ላይ ስለሠሩ ይመስለኛል።

ስለዚህ አራት ወይም አምስት ባለሙያዎች አብረው ሊጀምሩት የሚገባው ትንሽነታቸው በቀጥታ የሚያስከፍላቸውን አንድ ነገር ነው። ለሸማኔ ይህ ክር ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ክር ተወዷል፤ ሸማኔው በትንሽ በትንሹ ሲገዛ ደግሞ ከሁሉ የከበደውን ዋጋ ይከፍላል። ገንዘብ ሲያጥረው ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፤ የተሠራውን ሸማም ለዚያው ነጋዴ እርሱ በቆረጠው ዋጋ ያስረክባል። ነጋዴውን በክፉ ማንሳት አልፈልግም፤ በዓል ባለፈበትና ገበያው በቀዘቀዘበት ወር ሸማውን ገዝቶ የሚያስቀምጠው እርሱ ነው። ነገር ግን አምስት ሰዎች የእቁብ ያህል ጥለው ማጉንም ባለቀለሙን ክርም በአንድ ቀን ከአንድ መደብር ቢገዙ ዋጋ ለመከራከር አቅም ያገኛሉ፤ የክሩም ቀለም አንድ ስለሚሆን ትልቅ ትእዛዝ ለመቀበል ይደፍራሉ። የሁለቱ ጥቅም የማይነጣጠል ነው።

ሕጉም ቢሆን ለዚህ በር አልዘጋም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ከነባሩ ሕግ የወረሰው የእሽሙር ማኅበር የሚባል አደረጃጀት አለው፤ ማኅበሩ የራሱ የሕግ ሰውነት የለውም፣ ማለትም በሕግ ፊት ከአባላቱ የተለየ አካል ሆኖ አይቆጠርም፣ በንግድ መዝገብ መግባትም አይጠየቅም፤ አባላቱ እርስ በርስ በሚያደርጉት ስምምነት ይተዳደራል። ለአንድ ትእዛዝ ወይም ለአንድ የበዓል ወቅት ለሚሠሩ ጥቃቅን ነጋዴዎች ይህን ያህል የሚስማማ አደረጃጀት አላውቅም፤ በሥልጠና መድረኮች ላይ ግን ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። እንዲሁም የሚንቀሳቀስ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 አለ። የተገዛ ክርና የተሠራ ሸማ በመያዣነት ተቆጥሮ ለእንዲህ ያለ ቡድን አጭር ብድር ቢሰጥ፣ ቤትና መኪና የሌለው ባለሙያ ከዱቤው ቀለበት የሚወጣበት ቀን ይቀርባል። ወረዳዎችም የተደራጁ ማኅበራትን ቁጥር ከመዘገብ ይልቅ ውል በማርቀቅና አለመግባባት ሲነሳ በማሸማገል ቢያግዙ የበለጠ ይጠቅማሉ።

ችኮላ የሚያስፈልግበት ምክንያትም አለ። የጥበብን መልክ በማሽን ያተመ ርካሽ ጨርቅ ከውጭ እየገባ በገበያው ተዘርግቷል፤ አንድ ሸማኔ በዋጋም በፍጥነትም ሊወዳደረው አይችልም። የእጅ ሥራ የሚፈልገው ደንበኛ፣ በተለይ በውጭ አገር ሆኖ ለሠርግና ለጥምቀት የሚያዝ ወገናችን፣ የሚጠይቀው ግን አንድ ዓይነት የሆነ ብዙ ልብስ በቀጠሮው ቀን ነው። ያንን ብቻውን የሚያደርስ ሸማኔ የለም።

በቅርቡ የእህቴን ቀሚስ የሠሩትን ሸማኔ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ከተቀያየሟቸው ከሁለቱ ጋር ታርቀው ለጥምቀት ትእዛዝ ይዘዋል። ክሩን አብረው ገዝተውታል። ከመሥሪያቸው በላይ በግድግዳው ላይ አንድ ክንድ የምታህል ቁራጭ ሸማ በምስማር ተሰቅላለች፤ ከእርሷም ጋር ሦስቱ የፈረሙበት የደብተር ወረቀት አለ። ሁለቱ ጎረቤቶች ማታ ማታ የሠሩትን ይዘው እየመጡ ጥለቱን ከእርሷ ጋር በጣት ያስተያያሉ።