ፊርማው አያስቸኩላችሁ
አደጋን ስለመከላከልና ከጉዳት በኋላ ስላለን መብት የሚያወራ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ጉዳዩን ማንሳቱ ጥሩ ነው። የደህንነት ቀበቶን ግን በአንድ መስመር ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ማሰር የመሞት አደጋን እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል። ከኋላ የሚቀመጥም ይሰር።

ብዙ ሰው ከአደጋ በኋላ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ይሄዳል። ድንጋጤው ሕመሙን ይሸፍነዋል። የጭንቅላት ጉዳት ምልክት ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ቶሎ ታከሙ፤ መቼና እንዴት እንደተጎዳችሁ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። ያንሸራተታችሁ ውሃ ሳይጠረግ፣ የተሰበረው ደረጃ ሳይጠገን ፎቶ አንሱ። ያየ ሰው ካለ ስልኩን ተቀበሉ። ሥራ ላይ ከሆነ ለአለቃችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ የቃል ነገር ይካዳል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ፊርማው ነው። ተጎጂው ገና አልጋ ላይ እያለ ካሳ የሚጠየቀው ወገን ሰዎች ትንሽ ገንዘብ ይዘው መጥተው «እዚህ ጋ ፈርም» ይሉታል። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ነው። እባካችሁ፣ የጉዳቱ ልክ ሳይታወቅና የሕግ ባለሙያ ሳያየው አትፈርሙ። ደግሞ በጣም አትዘግዩ። ክስ የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም መቅረብ ያለበት የጊዜ ገደብ፣ አለው፤ እሱ ካለፈ ማስረጃ ብትደረድሩም ጥያቄያችሁ ውድቅ ሊሆን ይችላል።