ይድረስ ለግድግዳ ተጋሪዬ፣ ለሌሊቱ ዳኛ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከእንቅልፍ እጦት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልህ በርህን አንኳኩቼ ብነግርህ ክርክር ስለምትጀምር ነው። ካንተ ጋር ክርክር የገጠመ ሰው ደግሞ እራቱ ይቀዘቅዛል።

የኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የፍጻሜ ጨዋታ በአሜሪካ ምሽት ሲጀምር ደብረ ብርሃን ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ደርሷል። በዚያ ሰዓት ነቅታችሁ የምትገኙት ካህኑ፣ ዘበኛው እና ጨዋታውን እያየህ ዳኛው ላይ የምትጮኸው አንተ ናችሁ። ካህኑ ኮቴው አይሰማም፣ ዘበኛውም ቢበዛ ያስላል። ከተማችን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች አይደለች? ሁለት ደርቤ ተከናንቤ አይቻለሁ፤ ብርዱን እንጂ አንተን አይመልስም።

የሰኔ 2017ቱን ሌሊት ታስታውሳለህ መቼም። አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን በሚወስድበት ፍጻሜ ኦክላሆማና ኢንዲያና ሦስት ለሦስት ተያይዘው ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ደርሰዋል። የኢንዲያናው ታይሪስ ሃሊበርተን ገና በመጀመሪያው ሩብ የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ወደቀ። አንተ «እግሩን! ኧረ እግሩን!» እያልክ ግቢውን አናወጥከው። አከራያችን እትዬ ነጠላቸውን እንደነገሩ ጣል አድርገው፣ አንድ እግራቸው ላይ ብቻ ጫማ አድርገው ደጅህ ደረሱ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ምን ሆነ?»

«ታይሪስ ነው እትዬ፣ ጅማቱ ተበጠሰ!»

«የማን ልጅ ነው?»

ዝም አልክ። ካወቅሁህ ጀምሮ መልስ ያጣኸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ታዲያ ቆመህ ትጮሃለህ? ጫጫ ከተማ ወጌሻ ጋ ውሰዱት እንጂ!» ብለውህ ገቡ።

በማግስቱ ጀበና ቡናው ጋ ስንገናኝ የልጁ እግር ተረስቷል። ጉዳዩ ዳኛው ሆኗል። ኢንዲያና 103 ለ91 ተሸንፎ፣ የ12 ነጥብ ልዩነት በዳኛ ፊሽካ ሲመጣ በጣትህ እየቆጠርክ አሳየኸን። ከዚያ ወደ ኦክላሆማው ኮከብ ወደ ሻይ ጊልጀስ አሌክሳንደር ዞርክ፤ ሲነኩትም ይወድቃል፣ ሳይነኩትም ይወድቃል፣ ነፃ ውርወራ (ተጫዋች ሲበደል ዳኛ የሚሰጠውን) ለማኝ ነው አልክ። «ሻይ ሌባ ነው!» ብለህ በርጩማውን ስትመታ ቡና የምታፈላው ልጅ ደንግጣ «እኛ ጋ ሻይ የለም፣ ቡና ብቻ ነው» አለችህ።

ዳኛ አይሳሳትም አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2002 የሎስ አንጀለሱ ቡድን ሌከርስ ከሳክራሜንቶ ጋር ባደረገው ስድስተኛ ጨዋታ በአራተኛው ሩብ ብቻ 27 ነፃ ውርወራ ማግኘቱ እኔንም ይከነክነኛል። ግን አንተ ያኔ ጡት አልጣልክም፤ ቁጣውን ከየት አመጣኸው? ደግሞ ሊጉ ጨዋታው አንገት ለአንገት ከነበረ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ዳኞቹ የሳቱትን በማግስቱ በጽሑፍ ያወጣል። ውጤቱ አይቀየርም፣ እሱስ እውነት ነው። እኔ እዚህ አንድ መስሪያ ቤት በስሜ ላይ ላሳሳታት አንዲት ፊደል ሦስት ወር ተመላልሼ፣ በመጨረሻ «ስምህን ያጠፋኸው አንተው ነህ» ተብያለሁ። በማግስቱ ጥፋቱን የሚያምን ባገኝ እግሩን እስማለሁ።

ዳላስ ኮከቡን ሉካ ዶንቺችን ለሌከርስ ሰጥቶ፣ ከወራት በኋላ ከመቶ 1.8 ዕድል ይዞ አዲስ ተጫዋች ቀድሞ የመምረጥን አንደኛ ዕጣ ሲወስድ «ይሄ ዕጣ ሳይሆን የውለታ ክፍያ ነው» ብለህ ሁለት ቀን ምግብ አስጠላህ። የእኛ የእቁብ ዳኛ በየዙሩ የመጀመሪያውን ዕጣ ለራሱ ሲያስቀር ግን ትንፍሽ ብለህ አታውቅም።

የከፍታው ነገር ግን ለታሪክ መቀመጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2023 ዴንቨር ማያሚን አራት ለአንድ ሲረታ አንተ የማያሚ ደጋፊ ነበርክ (ዘንድሮ የማን እንደሆንክ አላውቅም፤ ኮከቡ ዱራንት እሱኑ ወዳሸነፈው ቡድን ሄደ ብለህ ፈሪ ስትለው ግን ሰምቻለሁ)። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስላለች እንግዳው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይህ ፍትሕ አይደለም አልክ። ይህን የተናገርከው ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ቆመህ፣ አፍህ ጭስ እያወጣ ነው። በዚህ ሂሳብ መንዞች ስንት ዋንጫ በወሰዱ ነበር? መፍትሔ ከፈለግህ አንዱን ጨዋታ ጣርማበር፣ አንዱን ሸዋ ሮቢት እናድርገው፤ ዴንቨሮችም ትንሽ ሙቀት ይቅመሱ።

ጆርዳን ስድስት ጊዜ ለፍጻሜ ቀርቦ ስድስቱንም ማሸነፉ ይበልጣል፣ ወይስ ሌብሮን አሥር ጊዜ ቀርቦ አራቱን ማሸነፉ የሚለውን አልነካም። ባለፈው ፀጉር ቤት ስትነካው ግማሽ ራሱን የተላጨ ሰው ከነፎጣው ተነስቶ መልስ ሲሰጥህ አይቻለሁ።

ወደ ራሳችን ሜዳ ልምጣ። ቀለበቱ መረብ እንደሌለው ታውቃለህ። መረብ በሌለበት ኳስ መሃል ገብታ ስትወርድና በጎን ስታልፍ ልዩነቱን የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንተ ኳሷን ሳታነጥር አቅፈህ አራት እርምጃ ሄደህ፣ ጥፋቱ የራስህ ሆኖ ሳለ «ፋውል!» አልክ፤ ዝም አልንህ። እኔ የወረወርኳትን ግን «በጎን ነው ያለፈችው» ብለህ ጨዋታውን አቆምክ። ቆሎ የሚሸጠውን ልጅ ጠየቅነው። «ገብታለች» አለ። አንተም ኪሴን አየት አድርገህ «ይሄ ልጅ ተገዝቷል፣ ቅድም ቆሎ ሲገዛው አይቻለሁ» አልክ። የ10 ብር ቆሎ ነበር። አንተም ዘግነሃል።

እንግዲህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ጩኸቱን ተው አልልህም። ከጮህክ አይቀር ግን ውጤቱን ጨምረህ ጩህ፤ «ኧረ ዳኛው!» ብቻ ብለህ ዝም ስትል ማን እየመራ እንደሆነ ሳላውቅ ይነጋብኛል።

እትዬ ትናንትም «የዚያ ልጅ እግር እንዴት ሆነ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጉዳቱ ተከታዩን የውድድር ዓመት በሙሉ ከሜዳ እንዳራቀው ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው «ጫጫ ውሰዱት ብዬ ነበር» አሉ።

ግድግዳ ተጋሪህ