መርዶ ነጣቂዎች

ወገኖቼ፣ ሰውዬው በሕይወት እያለ «ነፍስ ይማር» ያላችሁት ለማን ነፍስ ነበር?

ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 11። አንጋፋው የህንድ ተዋናይ ዳርሜንድራ ሙምባይ ውስጥ ታሞ ተኝቷል። (በ89 ዓመቱ አንቱ ሊባል የሚገባው ሰው ነው፤ የፊልም ሰው ግን በእኛ አፍ ዕድሜውን ሙሉ «እሱ» ነው።) በዋዜማው «በመተንፈሻ መሣሪያ ነው ያለው» ተባለ፤ የቅርብ ሰዎቹ አስተባበሉ። ሲነጋ የሰማቸው አልነበረም። የህንድ ቴሌቪዥኖች «አረፈ» ብለው ሰበር ዜና ለቀቁ። ባለሥልጣናትና የፊልም ሰዎች ሐዘናቸውን ጻፉ። አባቷ የታመመባት ኢሻ ዴኦል ስልኳን አንስታ፣ አባቴ ደህና ነው፣ እያገገመ ነው ብላ በኢንስታግራም ለዓለም ማስረዳት ግድ ሆነባት። እናቷ ሄማ ማሊኒም ሕክምና እየረዳው ያለን ሰው ሞተ ማለት ይቅር የማይባል ነው አለች።

እኔም ይቅር አልልም። የሐዘን መግለጫዎቹ ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ጠፉ። ማጥፋት ግን ይቅርታ መጠየቅ አይደለም፤ የሌባ ዱካ መጥረግ ነው።

በዚህም አላበቃም። በማግሥቱ ቤቱ ሆኖ እንዲታከም ሲወስዱት ካሜራው ጁሁ ሰፈር ድረስ ተከትሎ በሩ ላይ ተኮለኮለ። የበኩር ልጁ ሳኒ ዴኦል ወጥቶ፣ እናንተስ ቤታችሁ እናት አባት የላችሁም ወይ፣ አታፍሩም ወይ እያለ ተቆጣ። ያንንም ቁጣ ቀርጸው ለቀቁት። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከሕመም ክፍሉ በስውር ተቀርጾ የወጣው ቪዲዮ ነው። የበሽተኛ አልጋና የሚያለቅስ ቤተሰብ ነበረበት፤ ከዚህ በላይ አልተርከውም። የቀረጸው ሠራተኛ መያዙ ተዘግቧል። ደግመን ደጋግመን ያየነውን፣ ለጓደኛ የላክነውን ማን ይያዘን? ይህን የሚጽፈውም እጅ ንጹሕ አይደለም።

የወሬው መንገድ ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ «ሆስፒታል ገባ» የሚል እውነተኛ ዜና አለ። ቀጥሎ ስሙ የማይታወቅ «የቅርብ ምንጭ» በጠና መታመሙን ይናገራል። የዜና ተቋማት የአዛውንቶችን የሕይወት ታሪክ ቀድመው ጽፈው ያስቀምጣሉ፤ ሲሞቱ ቀኑን ሞልተው ያወጡታል። ይህ ሙያ ነው፣ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚመጣው ጣት ከእውነቱ ሲቀድም ነው። አንዱ ይለቀዋል። አንድ ታዋቂ ሰው ያንን አይቶ ያዝናል። ሌላው ጣቢያ የታዋቂውን ሐዘን አይቶ «እንግዲያው እውነት ነው» ይላል። የመጀመሪያው ደግሞ ሁለተኛውን አይቶ ልቡ ይረጋል። ሁሉም ለሁሉም ምስክር ሲሆን፣ ሐኪሙን ወይም ልጁን የጠየቀ ግን አንድም የለም። ከዚያ እኛ ጋ ይደርሳል። ወደ አማርኛ ይገለበጣል፣ ከፎቶው ሥር የሚነድ ሻማ ይለጠፍበታል፣ በስንት ደቂቃ ቴሌግራሙን ያዳርሰዋል። የእኛዎቹን አርቲስቶችማ ስንቴ ገድለናቸዋል።

እኛ እኮ መርዶ የምናውቅ ሕዝብ ነን! መርዶ ማታ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ማን እንደሚናገር ይመካከራል። ሐዘንተኛዋ እህል ትቅመስ፣ እንቅልፏን ትተኛ ተብሎ ይታደራል። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች ያንኳኳሉ። ደረቷን ስትደቃ እጇን የሚይዙ ሴቶች ግራና ቀኟን ይቀመጣሉ። አረብ አገር ያለች እህት ወንድሟ ቢሞትባት እንኳ መጀመሪያ የሚደወለው አብራት ለምትኖር ጓደኛዋ ነው፤ «ፌስቡክ እንዳታይ ስልኳን ደብቂልን» ይባላል። ይህን ሁሉ ለራሳችን ሰው እናውቅበታለን። ሩቅ ላለ ቤተሰብ ሲሆን የት ጣልነው? የእነዚያ ልጆች ስልክ የማይጮህ መሰለን?

ደግሞስ የማንን ሞት ነው የተሻማነው? ፑንጃብ ውስጥ፣ ሉዲያና አካባቢ፣ በ1935 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ከመምህር አባት የተወለደ የገጠር ልጅ ነው። በ1958 ፊልምፌር መጽሔት ባዘጋጀው የአዲስ ተዋንያን ውድድር አሸንፎ ቦምቤይ፣ የዛሬዋ ሙምባይ፣ ገባ። በ1960 ለወጣችው የመጀመሪያ ፊልሙ ሲፈርም የተሰጠው 51 ሩፒ እንደነበር ራሱ ይተርከው ነበር። በ1966 ትልቅ ኮከብ ሆነ። በችኮላ የተለቀቁት የሐዘን ጽሑፎች ጡንቻውንና ድብድቡን ብቻ ደረደሩ። በ1969 በ«ሳትያካም» ውሸት አልናገርም ብሎ ኑሮው የተመሰቃቀለበትን ሰው ሆኖ ሲሠራ ግን ድብድብ የለም፤ እኔን ብትጠይቁኝ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ያ ነው። ዝነኛው ፊልሙ «ሾሌይ» በወጣበት በ1975 ደግሞ በሌላ ፊልም ሾፌር ነኝ እያለ አማቹን የሚያሞኝ የዕፅዋት ፕሮፌሰር ሆኖ አሳቀ። ይህን ለመጻፍ ጊዜ ያስፈልጋል። ጊዜ ደግሞ የነበረው ሰው አልነበረም።

የፊልምፌርን የምርጥ ተዋናይ ሽልማት አንድም ጊዜ አላገኘም። በ1997 የሕይወት ዘመን ሽልማቱን ሲቀበል፣ በየዓመቱ ዘንድሮ ይሰጡኛል እያለ ሙሉ ልብስ ያሰፋ እንደነበር በፈገግታ ተናገረ። ያኔ የመጀመሪያዋ ፊልሙ ከወጣች 37 ዓመት ሆኗት ነበር። የእሱን ትዕግሥት ሩቡን እንኳ ለእሱ መመለስ አቃተን።

«ሾሌይ»ን ያየ ሁሉ የውሃ ታንከሩን ያስታውሳል። ቪሩ፣ ማለትም ዳርሜንድራ፣ ሰክሮ አናቱ ላይ ወጥቶ የሚወዳትን ባሳንቲን ካልሰጣችሁኝ ራሴን እወረውራለሁ ይላል። መንደሩ ከታች ተሰብስቦ ይንጫጫል። የማይደነግጠው ጓደኛው ጃይ ብቻ ነው፤ ሰውየውን ስለሚያውቀው፣ ስካሩ ሲበርድለት ይወርዳል ብሎ ይቀመጣል። መንደርተኛው ቢያንስ ውረድ እያለ ነበር የሚለምነው። እኛ ግን ከታች ሆነን «ወደቀ!» ብለን ጮኽን። በፊልሙ እኮ የሚሞተው ጃይ ነው፤ ቪሩ ይተርፋል።

ከ13 ቀን በኋላ፣ ኅዳር 15፣ ዳርሜንድራ እውነትም አረፈ። 90 ዓመት ሊሞላው 14 ቀን ቀርቶት ነበር። ቤተሰቡ ጉዳዩን ለሕዝብ ሳያውጅ፣ በዚያው ዕለት በሃይማኖቱ ሥርዓት አስከሬኑን አቃጠለ። ስድሳ ዓመት የወደደው ሕዝብ ፊቱን አይቶ ለመሰናበት አልታደለም። ብዙ አድናቂዎች ቅር አላቸው። ምክንያቱን የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው፤ እኔ ግን አልፈርድባቸውም። አንድ ጊዜ የተነጠቁትን መርዶ ሁለተኛ ጊዜ ደጃፋቸውን ዘግተው ቢይዙት ምን ይገርማል? በዚያን ዕለት ዜናውን የሰማው ደግሞ «ይሄኛውስ እውነት ይሆን?» ብሎ ቆመ። ለሐዘን የሚሆነውን ቀን ለጥርጣሬ አደረግነው።

እባካችሁ፣ ብዙ አልጠይቅም። «አረፈ» የሚል ስታዩ ማን እንደተናገረው እዩ፦ ሚስቱ ናት? ልጁ ነው? ሐኪሙ በስሙ ፈርሟል? ሁሉም «ተብሏል» ብቻ ከሆነ ስልኩን ገልብጣችሁ አስቀምጡት። ከዘገየን ማን ይጎዳል? የሞተ ሰው የትም አይሄድም።

ይህን ስጽፍ የሚሰማኝ እንደማይበዛ አውቃለሁ። ነገ ሌላ ሽማግሌ ተዋናይ ሆስፒታል ይገባል፣ ሻማውም ይለጠፋል። ከአንባቢዎቼ መካከል አንዲት ሴት ግን ጣቷን «አጋራ» ላይ ካሳረፈች በኋላ ሳትጫነው መልሳ፣ «እስኪ ይንጋ» ብላ ትተኛ ይሆናል።