መዋጮው ከቀዶ ጥገናው በኋላም ይቀጥል

አዳማ ላይ «ወገን ድረሱልን» ሲባል ዝም የሚል የለም። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው በእድሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በመስጊዱ፣ በባጃጅ ተራው ሳይቀር ይዋጣል። ንቅለ ተከላው ተሳክቶ ሰውየው ቤቱ ሲገባ እልል ይባላል፣ ኮሚቴው ይበተናል፣ ሒሳቡም ይዘጋል። እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው።

የተተከለ ኩላሊት ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ድምፁን አጥፍቶ ነው። በመርፌ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጉዱ ይወጣል። ጤነኛው ላይ ሽንት የሚያልፍባቸው ጥቃቅን ቱቦዎች ተጠጋግተው ይታያሉ። የተጎዳው ላይ ቱቦዎቹ ይኮሰምናሉ፣ በመሀላቸው ጠባሳ ይገባል። ጠባሳው ከናሙናው እስከ 25 በመቶ ከያዘ ገና «ቀላል» ነው የሚባለው፤ ከ50 በመቶ ካለፈ «ከባድ» ይሆናል። አንዴ ጠባሳ የሆነው ደግሞ አይመለስም። «ክሬቲኒኔ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ መጠን) ደህና ነው» ብሎ መዘናጋትም አያዋጣም። ክሬቲኒን ከፍ ሲል ጉዳቱ ውስጥ ውስጡን ብዙ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

መንስኤው አንድ አይደለም። መድኃኒት ሲቆራረጥ ሰውነት በኩላሊቱ ላይ አንቲቦዲ (ባዕድ ነገር የሚዋጋ መከላከያ) ያመርትና ቀስ በቀስ ያጠቃዋል። የደም ግፊትም አለ። የሚገርመው ግን ሰውነት ኩላሊቱን እንዳያጠቃ የሚከላከለው መድኃኒት፣ ታክሮሊመስ፣ ራሱ ሲበዛ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ይጎዳል። ቢያንስም ጣጣ፣ ቢበዛም ጣጣ! ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው መጠን በየጊዜው መለካት አለበት። ደሙ የሚሰጠው የጠዋቱ ኪኒን ሳይዋጥ ነው። ለዚህ ብሎ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ኪኒኑን ኪሱ ከቶ በሌሊት ሚኒባስ ይጠብቃል። የሥራ ቀኑም ትራንስፖርቱም ከራሱ ነው።

በአገራችን ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ኩላሊቱን የሚሰጠው የቅርብ ዘመድ ነው። እህት አንዱን ከሰጠች በኋላ ያ ቢበላሽ ሌላ ከየት ይመጣል? ወደ እጥበት መመለስ ነው።

እና ኮሚቴዎቻችን ከሚሰበሰበው ላይ የመድኃኒቱንና የምርመራውን ከመነሻው ለይተው ያስቀምጡ። ሒሳቡም ክፍት ይቆይ፤ በወር ትንሽ ትንሽ የሚያዋጣ አይጠፋም። የከተማችን ሆስፒታሎችም ደሙን እዚሁ ቀድተው ናሙናውን ቢልኩት ምን ይከብዳል? አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሰውየው ከሚመላለስ ብልቃጧ ትመላለስ።